ቀልባችሁን የምታምኑት የት የት ነው?

ሰው የሚመራ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ሳይጠየቅ አይቀርም። «የምትወስኚው በመረጃ ነው ወይስ በልምድ?» እኔ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ ስብሰባ ላይ፣ አዲስ የቡድን መሪ የሆኑ ልጆች ምክር ፈልገው ሲመጡ። የሚጠበቀው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው። «ሁለቱን አመጣጥኜ» ትላላችሁ፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል።

እንዴት እንደሚመጣጠን ግን ማንም አይነግራችሁም። ግማሽ በግማሽ ነው? ሪፖርቱ «ግቢ» ሲለኝ ቀልቤ «ተይ» ካለኝ ደጃፉ ላይ ልቁም? ውሳኔ ብዙ ጊዜ መሀል የሚባል ቦታ የለውም። ሰውየውን ትቀጥሩታላችሁ ወይ አትቀጥሩትም። ውሉን ትፈርማላችሁ ወይ ትተዉታላችሁ። «አመጣጥኑ» የሚለው ምክር ለጆሮ ይጥማል እንጂ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛችሁ ላይ ፋይል ሲቀመጥ አይረዳችሁም።

እኔን የረዳኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ስሜት የት ነው የተማረው? ማን አርሞት ያውቃል? ቀልብ ከሰማይ አይወርድም። ያየነው፣ የሞከርነው፣ ሲሳካም ሲበላሽም የታዘብነው ነገር ተጠራቅሞ ነው። እየታረመ ያደገ ቀልብ አለ። ማንም ሳያርመው በራሱ እየተማመነ ያደገም አለ። ሁለቱም ሲናገሩ ድምፃቸው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ጣጣው።

ለረጅም ዓመታት የስምሪት ክፍል መርቻለሁ። መኪና፣ ሾፌር፣ ጭነት፣ መስመር፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ። በኋላ የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆንኩና መጋዘኑም፣ ቅጥሩም፣ ከአቅራቢዎች ጋር የሚደረገው ውልም በእኔ ስር መጣ። ያው ሰው ነኝ፤ ያው ጭንቅላት፣ ያው ቀልብ። ግን አንዱ ቦታ ላይ የሚሠራው ቀልብ ሌላው ቦታ ላይ እንደማይሠራ ያየሁት ያኔ ነው።

ስምሪት ላይ ጠዋት የወሰናችሁት ነገር ውጤቱ ማታ ይታወቃል። መኪናው በሰዓቱ ደርሷል ወይ አልደረሰም። ያ ሾፌር ያንን መስመር ችሎታል ወይ አልቻለውም። ደንበኛው ይደውልና ይጮህባችኋል፣ ወይ ዝም ይላል። ፈተናው በየቀኑ ነው፣ እርማቱም በየቀኑ። ከዓመታት በኋላ የጭነት ዝርዝር ስመለከት ገና ሳልደምረው «ይሄ በአንድ መኪና አይገባም» እላለሁ። ሲጫን በእርግጥም አይገባም። እንዴት እንዳወቅሁ ብትጠይቁኝ ወዲያው የምሰጣችሁ መልስ የለኝም።

ቅጥር ላይስ? አንድ ሰው መርጣችሁ ካስገባችሁ በኋላ ልክ መሆን አለመሆናችሁ የሚታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ እሱም ከታወቀ። ጎበዝ ከወጣው በእናንተ ምርጫ ነው ወይስ ጥሩ አለቃ ገጥሞት? ያልቀጠራችሁት ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ኮከብ ቢሆን ማን መጥቶ ይነግራችኋል? ማንም። እርማት የሚባል ነገር የለም። ስሜቱ ግን አይቀርም። አመልካቹ ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ «ይሄስ ሰው ነው» የሚል ነገር ውስጤ ይላል፤ የጭነት ዝርዝር ሳይ ከሚመጣው ስሜት ጋር በጥንካሬ እኩል። በጥንካሬው ልለየው ብሞክር አልችልም።

ይህንን በደንብ የተነተኑት ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። ዳንኤል ካህነማን ዕድሜውን የፈጀው የሰው ፍርድ እንዴት እንደሚስት በማጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ጌሪ ክላይን ደግሞ በተቃራኒው፣ የእሳት አደጋ አዛዦችን የመሰሉ ልምድ ያላቸው ሰዎች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እንዴት ልክ እንደሚወስኑ ነው ሲያጠና የኖረው። አንዱ ቀልብን ይጠራጠራል፣ አንዱ ያደንቃል። ይጣላሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እነሱ ግን አብረው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2009 የጋራ ጽሑፍ አወጡ፤ በዋናው ነገር ላይም ተስማሙ። ቀልብ የሚታመነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ሥራው ራሱ ሊለመድ የሚችል ሥርዓት ያለው መሆን አለበት፤ ዛሬ ያየኸው ምልክት ነገም ያንኑ የሚያመለክት ከሆነ። ሁለተኛ፣ ሰውየው በዚያ ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ልክና ስህተቱን ቶሎ እያወቀ የተማረ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ቀልብ ግምት ነው፤ በደንብ የለበሰ ግምት። በራስ መተማመን ደግሞ ለብቻው የምንም ማስረጃ አይሆንም ብለዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ አለቃ አይወዳትም።

ክላይን ከመዘገባቸው ታሪኮች አንዱን ሁሌ አነሳዋለሁ። አንድ የእሳት አደጋ አዛዥ ቡድኑን ይዞ ወደሚቃጠል ቤት ይገባል። እሳቱ ኩሽና ውስጥ ይመስላል። ውሃ ይረጩበታል፣ እሳቱ አይበገርም። ቤቱ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፤ ለዚህ ያህል ሙቀት ደግሞ ድምፁ አነስተኛ ነው። አዛዡ የሆነ ነገር ስላልጣመው «ውጡ» ይላል። እንደወጡ የቆሙበት ወለል ተደረመሰ። ዋናው እሳት ከእግራቸው ስር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። ሰውየው ምድር ቤት መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር።

ይህ ታሪክ የሚወራው «ስሜታችሁን እመኑ» ለማለት ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። ቀልቡ «ምድር ቤት ውስጥ እሳት አለ» አላለውም። ያለው «ይህ እኔ የማውቀው እሳት አይመስልም» ብቻ ነው። በእኔ ሥራም እንዲሁ ነው። ቀልቤ ጠቃሚ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ «ይህ ነገር አልገጠመም» ሲል ነው። «ይሄማ ግሩም ነው፣ ቶሎ እንያዘው» ሲል ግን እጠራጠረዋለሁ። ደስታና ጉጉት፣ ሰውየውን መውደድ፣ ከተፎካካሪ ላለማነስ መፈለግ፣ እነዚህ ሁሉ የቀልብን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ቅሬታ የሚያሰማ ቀልብ ግን ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር አይቷል፤ ስሙን አላወቀውም እንጂ።

ታዲያ ስሙን ማውጣት የመሪ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የመስመር ማቀጃ ሶፍትዌር ገባልን። መኪኖቹን በሙሉ በአዲስ መንገድ ደልድሎ ሰጠን። ወረቀት ላይ አሪፍ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ቀንሷል፣ ሰዓቱ ቀንሷል። ሾፌሮቹን ሰብስበን አሳየናቸው። አንድ አንጋፋ ሾፌር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወረቀቱን ቆየት ብለው አዩና፣

«ልጄ፣ ይሄ አይሆንም» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ቀልቤ አልወደደውም።»

ሶፍትዌሩን ያመጡት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። ወይ «ጋሼ፣ ማስረጃ ያምጡ» ብሎ ሰውየውን ማሳፈር፣ ወይ «እሳቸው ካሉማ» ብሎ ሥራውን መጣል። ሁለቱም ስንፍና ነው። እኔ «የቱ ጋ ሲደርሱ ነው የሚከፋዎት?» አልኳቸው። ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እያንሸራተቱ ሄደው ሁለት ደንበኞች ላይ ቆሙ። «እዚህ። በወር መጨረሻ እዚህ ሄዶ በጊዜ የወጣ መኪና አላየሁም።»

ይህ እንግዲህ መፈተሽ የሚችል ነገር ነው። የማራገፊያ ሰዓቱ ከድሮም ተመዝግቦ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ግን የተጠቀመው አማካዩን ነው። በቀን ለይተን ስናየው ጋሼ ልክ ናቸው። በወሩ መጨረሻ ቀናት እነዚያ ሁለት ቦታዎች መኪና ይሰለፍባቸዋል፤ የወሩ አማካይ ውስጥ ግን ይህ ተውጦ ቀርቷል። ዕቅዱን አልጣልነውም። ለእነዚያ ቀናት ብቻ ሌላ ድልድል ሠራን። ቁጥሩም የጋሼም ቀልብ ያዩት ያንኑ ሥራ ነው፤ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከቅርብ።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ዓለም ያየው ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሰከንድ ተሰባብራ ውስጧ የነበሩት 7 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት የነበረው ምሽት ላይ የሮኬቶቹ አምራች የሞርተን ታዮኮል መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ተከራክረው ነበር። ሥጋታቸው የሮኬቱን መገጣጠሚያዎች የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በብርድ ይደርቁና ጋዝ ያሳልፋሉ የሚል ነው። ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይነሳ አሉ፤ በማግስቱ ጠዋት የተጠበቀው ከዚያ በጣም የወረደ ብርድ ነበር። «በቁጥር አሳዩን» ተባሉ። በቁጥር በደንብ ማሳየት አልቻሉም። የኩባንያው ሥራ አስኪያጆች ለብቻቸው ተመካከሩና የመሐንዲሶቹን ሐሳብ ሽረው «ይነሳ» አሉ።

የሚያንገበግበው ቁጥሩ በእጃቸው መኖሩ ነው። ያዩት ቀለበቱ የተጎዳባቸውን በረራዎች ብቻ ነበር፤ እነዚያን ብቻ ስታዩ ጉዳት በብርድም በሙቀትም ያለ ይመስላል። አደጋውን ያጣራው ኮሚሽን ጉዳት ያልታየባቸውንም ጨምሮ ሲደረድራቸው ነገሩ ወለል ብሎ ታየ። ወደ 19 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ነው። ወደ 17 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን በአራቱም። በዚያ ምሽት አንድ ሰው «ማስረጃ አምጡ» ከማለት ይልቅ «ሥጋታችሁ እውነት ቢሆን መዝገባችን ላይ ምን ዓይነት ምልክት ይኖር ነበር? ኑ አብረን እንፈልገው» ቢል ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ማስረጃ የማምጣት ሸክሙን በሙሉ ሥጋቱ ያለበት ሰው ላይ ከጫናችሁት፣ በተለይ ሰዓት በሌለበት፣ ዝም ማሰኘታችሁ ነው።

አሁን ወደ ቅጥር ልመለስ፤ ምክንያቱም ብዙ መሪ ቀልቡን ያለቦታው የሚያምነው እዚህ ነው። ካህነማን ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በእስራኤል ጦር ውስጥ አዳዲስ ምልምሎችን የሚመድቡ ጠያቂዎችን ሥርዓት እንዲያሻሽል ተመድቦ ነበር። ጠያቂዎቹ ከወጣቶቹ ጋር እንዳሻቸው ያወሩና በአጠቃላይ ስሜታቸው ይፈርዱ ነበር፤ ፍርዳቸው ግን ምልምሉ በኋላ የሚሆነውን ለመተንበይ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። እሱ ነገሩን ለወጠው። ስድስት ባሕርያት ለየ። ለእያንዳንዱ ተጨባጭ ጥያቄዎች አዘጋጀ። አንዱን ጠይቀው ነጥብ ሳይሰጡ ወደ ሌላው እንዳይሄዱ አደረገ። ጠያቂዎቹ ተቆጡ፤ «ማሽን አደረግኸን» አሉት። እሱም እሺ ብሎ አንድ ነገር ጨመረላቸው፤ ስድስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑና ይህን ልጅ ወታደር ሆኖ በዓይነ ሕሊናችሁ አይታችሁ አንድ ነጥብ ስጡ። በኋላ ሲታይ የስድስቱ ድምር ከድሮው በጣም የተሻለ ሆነ። የሚገርመው፣ ዓይን ተጨፍኖ የተሰጠችው ነጥብም ከስድስቱ ድምር ጋር እኩል ሠራች።

ያቺ ነጥብ ከድሮው የጠያቂዎቹ ስሜት በምን ተለየች? በተራዋ። ቀልብ መጀመሪያ ከተናገረ መረጃውን እየመረጠ ራሱን ያጸድቃል። የወደድኩትን አመልካች ቀለል ያለ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ ሲንተባተብ «ተደናግጦ ነው» እላለሁ። ያልወደድኩት ሲንተባተብ ግን «አያውቅም» ነው። ቀልብ መጨረሻ ላይ ከመጣ ግን የሚመገበው እንዳለ የቀረበለትን ነው። እኛም ቅጥራችንን እንደዚያ አደረግነው። የምንፈልጋቸውን ባሕርያት አስቀድመን እንጽፋለን፤ እያንዳንዱ ጠያቂ ለብቻው ነጥብ ይሰጣል፤ ሳናወራ። «ስለ ልጁ ምን ተሰማህ?» የሚባለው ሁሉም ወረቀቱን ካስቀመጠ በኋላ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የእኛም ሰዎች አኩርፈው ነበር። አሁን ለምደውታል፤ ክርክሩም አጠረ፤ ምክንያቱም ክርክሩ ስለ አንዲት ባሕርይ ነው እንጂ ስለ ሰውየው ጠቅላላ ማንነት አይደለም።

በለመድኩት ሥራ ላይ ደግሞ ተራውን እገለብጠዋለሁ። ይሄ የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። ስምሪትና መጋዘን ላይ ቀልቤ የታረመ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ እንዳያፍነው እፈልጋለሁ። የወሩን ሪፖርት ከመክፈቴ በፊት ማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ምን እንደምጠብቅ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩ፣ ለምን። ከዚያ እከፍታለሁ። ግምቴና ቁጥሩ ሲገጥሙ አልፈዋለሁ። ሲለያዩ ግን ያ ቀን ሥራ አለው ማለት ነው፤ ወይ እኔ ያላወቅኩት ነገር ተለውጧል፣ ወይ ቁጥሩ ሲሰበሰብ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ሪፖርቱን መጀመሪያ ካያችሁት ይህ ልዩነት ይጠፋል። «እኔም እንደዚያ ጠርጥሬ ነበር» ትላላችሁ፤ ከልባችሁም ታምኑታላችሁ።

ማስታወሻው ሌላም ጥቅም አለው። ከጊዜ በኋላ ስታገላብጡት ቀልባችሁ የት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። የእኔ የጭነት መብዛትና መቀነስ ላይ ጥሩ ነው። የትኛው አቅራቢ ቃሉን እንደማይጠብቅ ላይ ደህና ነው። አዲስ ፕሮጀክት መቼ እንደሚያልቅ ላይ ግን ምንም ዋጋ የለውም፤ ሁሌም ቶሎ ያልቃል ይለኛል። ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። ካህነማንና ባልደረባው ኤሞስ ትቨርስኪ ሰው ሥራው የሚፈጅበትን ጊዜ እንዴት አሳንሶ እንደሚገምት እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውበታል። ስለዚህ የጊዜ ጥያቄ ሲመጣ ቀልቤን አላማክረውም። ከዚህ በፊት የሠራናቸው ተመሳሳይ ሥራዎች በእርግጥ ምን ያህል እንደፈጁ እጠይቃለሁ፤ እሱን እይዛለሁ፤ በቃ።

እስካሁን የቀልብን ነገር ነው ያብጠለጠልኩት። መረጃውንስ? ቁጥርም የመጣበት ቦታ አለው። ማን ሰበሰበው፣ ምን ብሎ ጠይቆ፣ ማንን ሳይጠይቅ? ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 የድሮ ጣዕሙን ሲቀይር ያለ ጥናት አልነበረም። ወደ 200,000 የሚጠጉ ሰዎች ቀምሰው አዲሱን መርጠው ነበር። ከዚህ በላይ መረጃ ከየት ይመጣል? ግን የተጠየቁት በአንዲት ጉንጭ የትኛው ይጣፍጣል ተብለው ነው። የለመዳችሁት ሙሉ በሙሉ ቢወሰድባችሁስ የሚለው ጥያቄ ያን ያህል ቦታ አላገኘም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ኩባንያው በ79 ቀን ውስጥ የድሮውን መለሰ። መረጃው ውሸት አልነበረም። የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር።

በእኛም ክፍል አንድ ጊዜ የደንበኞች ቅሬታ በጣም ቀነሰ የሚል ሪፖርት መጣ። ግራፉ ቁልቁል ነው፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። የመጋዘን ኃላፊዋ ብቻ «ይሄ ዝምታ ደስ አላለኝም» አለች። እንደ እሳት አደጋው አዛዥ ማለት ነው፤ ሥራው አልቀለለም፣ መኪኖቹ አልተቀየሩም፣ ቅሬታው በምን ይቀንሳል? ተፈትሾ ሲታይ የቅሬታ መቀበያው ስልክ አሠራር ተቀይሮ ኖሯል፤ ሰው ብዙ ቁጥር ተጫን ተብሎ፣ ብዙ ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። የቀነሰው ቅሬታ ሳይሆን ቅሬታ የማቅረብ ትዕግሥት ነው።

ከዚህ ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ። የአማዞኑ መሥራች ጄፍ ቤዞስ ለባለ አክሲዮኖች በጻፈው የእ.ኤ.አ. 2016 ዓመታዊ ደብዳቤ ላይ አብዛኛው ውሳኔ ሊኖር ከሚፈለገው መረጃ ወደ 70 በመቶው ሲገኝ ሊወሰን ይገባል፣ 90 በመቶ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቷል ይላል። ቁጥሩን አትያዙት፤ መቶኛውን ማን ይለካዋል? ቁም ነገሩ ግን እውነት ነው። እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ የምጠብቀው መረጃ እንዲህ ቢሆንም እንዲያ ቢሆንም ውሳኔዬ ያው ከሆነ፣ የምጠብቀው መረጃ አይደለም፤ ድፍረት ነው። ብዙ «ተጨማሪ ጥናት ይደረግ» የሚባል ነገር በዚህ ሲፈተሽ ይወድቃል። መመለስ የሚቻል ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት፤ ሙከራው ራሱ መረጃ ያመጣል። መመለሻ የሌለው ከሆነ ዝግ በሉ፤ ቀልባችሁ እየጮኸም ቢሆን።

መዘግየት የማይቻልበት ሰዓትም ይመጣል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ሌሊት የሶቪየት ኅብረት የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አሜሪካ ሚሳይል ተኮሰች አለ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ በድምሩ አምስት። ተረኛው ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሐሰት ማንቂያ ነው ብሎ ወሰነ። ልክ ነበር። ሰው ይህን «ውስጡ ነገረው» ብሎ ያወራዋል፤ ሰውየው ግን ምክንያት ነበረው። ጦርነት የሚጀምር ሰው አምስት ብቻ አይተኩስም፤ ሥርዓቱ አዲስ ነው፤ የምድር ራዳሮች ምንም አላዩም። በኋላ ሲጠየቅ እርግጠኛ እንዳልነበር፣ ሃምሳ በሃምሳ እንደነበር ተናግሯል። ይህ ለእኔ ከጀግንነቱ ይበልጣል። ቀልቡን ሲሰማ ምን ያህል እንደማያውቅ እያወቀ ነው የሰማው።

የመሪ ቀልብ ከሌላው ሰው ቀልብ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሥልጣን አለው። ስብሰባውን «እኔ በበኩሌ ይሄ ነገር ደስ አላለኝም» ብዬ ከከፈትኩት ከዚያ በኋላ የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው። ስለዚህ መጨረሻ እናገራለሁ። ትልቅ ነገር ከመወሰናችን በፊትም ክላይን ያስተዋወቀውን አንድ ዘዴ እንጠቀማለን። «ዓመት አልፎ ይህ ሥራ ፈርሷል እንበል፤ ለምን እንደፈረሰ እያንዳንዳችሁ ጻፉ» እላለሁ። «ሥጋት ያለው አለ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ዝም የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ወረቀቱን ይሞሉታል። ተቃዋሚ መባል የለማ። ሥራው ፈርሷል ተብሏል፤ ምክንያቱን መናገር ብቻ ነው የቀረው። ጀማሪ ሠራተኛ የጻፈው ነገር ውል ያስለወጠን ጊዜ አለ።

ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር፦ ሪፖርቱን ተቃርናችሁ ስትወስኑ ለአለቃ ምን ትላላችሁ? «ልምዴ ነው» ማለት አያዋጣም፤ አለቃው ከወደዳችሁ ያልፋል፣ ካልወደዳችሁ ይይዝባችኋል። እኔ አጭር ወረቀት እጽፋለሁ። ሪፖርቱ ይህን ይላል፤ እኔ ከሪፖርቱ የተለየሁት እዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ያየሁት ምልክት ይህ ነው፤ እስከዚህ ቀን ይህ ካልታየ ሪፖርቱ ወዳለው እመለሳለሁ። ቀኑ ዋናው ነገር ነው፤ ቀን የሌለው ቀልብ አይታረምም። አንድ የበላይ ኃላፊ ነበሩኝ፣ ወረቀቱን ሳያነቡ መጀመሪያ ቀኑን የሚፈልጉ። ካጡት መልሰው ይልኩታል፤ ካገኙት ደግሞ አጀንዳቸው ላይ ይገለብጡትና በዚያው ቀን ጠዋት ይደውሉልኛል።